በኪሎ የተሸጠው የመምህር አስናቀ ደብተር

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ሙክት ፍየል፣ አራት ኪሎ ከሩብ ስኳር፣ የአንድ ዳዊት ማስደጎሻ፣ የደብረ ታቦር የመኪና ሂሳብ ደርሶ መልስና አንድ ወዳጅ ነው። ፍየሉና ስኳሩ አልቆጨኝም፤ በንግድ ስኖር ባንድ ክረምት ከዚያ የበለጠ በአይጥ ከስሬ አውቃለሁ። ወዳጁን ግን በየትኛው በኩል እንደምጽፈው አላወቅኩም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም አላወቅኩም።

ሱቁን ለልጄ ካስረከብኩ ወዲህ የምነግደው ማር ብቻ ነው። ማር ለሽማግሌ የተሰጠ ንግድ ነው፤ አይበሰብስም፣ አያስቸኩልም። ባለፈው ኅዳር ታዲያ ከሰቆጣ ከተማ ወጥቼ፣ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄጄ እትዬ ሙሉ ቤት ደረስኩ። እትዬ ሙሉ ሃያ ቀፎ ያላቸው፣ እኔ ዋጋ ስጠራ ጆሯቸው የሚደነቁር፣ እሳቸው ሲጠሩ የሚከፈትላቸው ባልቴት ናቸው። ከፀሐይ ገብቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመደቡ ራስጌ ግድግዳው ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ አንድ ቅጠል ወረቀት አየሁ። ጢስ አጥቁሮታል። በእርሳስ የተሳለች በግ አለችበት፤ ከበጓ ጎን ደግሞ ሌላ ሥዕል። ከሥራቸው ወደ ግራ የተጋደመ የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ መስመር በፈረንጅ ፊደል፣ አንድ መስመር በአማርኛ። ሳላነበው አወቅኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ወደ ግራ ሲጽፉ ያየኋቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ግራኝ ነበሩ።

«ይኼ ከየት መጣ፣ እትዬ ሙሉ?»

«የቱ?»

«ይኼ በጉ።»

«እሱማ ካንተው ሱቅ ነው! የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ተኝቼ ባለቤቴ ለአጥሚት ስኳር ገዝቶልኝ ሲመጣ በሱ ነበር የጠቀለልክለት። ፈትቼ ባየው በግ። ደግ ምልክት ነው ብዬ ለጠፍኩት። ልጄም ይኸው የልጅ ልጅ አሳየኝ።»

«ይኼኛውስ ምን ይመስልዎታል?» አልኩና ከበጓ ጎን ያለውን አሳየኋቸው።

«ቀፎ ነዋ። ጨርቅ የተሰጣበት ቀፎ።»

መርከብ ነበር። እኔ ግን መርከብ ነው አላልኳቸውም። ሳልጋበዝ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

መምህር አስናቀ ከደብረ ታቦር ተመድበው ሰቆጣ የመጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይተው። ያን ጊዜ ሰቆጣ ላይ ክብሪት አምስት ሳንቲም ነው፣ ስኳር በኪሎ ሁለት ብር እንኳ አይሞላም፣ ደህና በግ በአስራ አምስት ብር ትነዳለህ። ሰው ሁሉ በረባሶ ነው የሚጫማው፤ ቴትረን ሱሪ የለበሰ በሩቅ ይታወቃል፣ ስለሚያበራ። ከኔ ሱቅ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ባትሪ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ አድርጎ ይሰፋል፤ ደስ ያለው ዘፈን ሲመጣ እግሩ ይፈጥንና የሰው ሱሪ ጠማማ ሆኖ ይወጣል። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል መጠገኛ ነው፤ የሚዘፍነው ብዙ፣ የሚሰማው የለም። መምህር አስናቀ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ካኪ ኮታቸውን እንደለበሱ መጥተው ከባንኮኒዬ ጎን የላምባ በርሜል ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ደብተር፣ ግራ እጃቸው ላይ እርሳስ። ሻይ አይጠጡም፣ ካርታ አይጫወቱም፣ ሰው አያሙም። እኔ መጀመሪያ ሰላይ መስለውኝ ስኳሩን ለሁለት ወር አስተካክዬ መዝኛለሁ።

የሚጽፉት ግን ምን መሰላችሁ፤ የእንግሊዝኛን ተመሳሳይ ቃላት ነው። ሲጠሩ አንድ የሚመስሉ፣ ትርጉማቸው ግን የማይገናኝ። «ልጆቼን ፈተና ላይ የሚጥላቸው ይኼ ነው፣ ገብሬ» ይሉኛል። «ቤታቸው ኽምጣና ይናገራሉ፣ እኔ ዘንድ አማርኛ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የሚያስረዳቸው በበረዶና በባቡር። ባቡር አያውቁም። በግ ግን ያውቃሉ።» ስለዚህ በዋግ ነገር የሚያስረዳ መጽሐፍ ይሠራሉ። ሺፕ ስትጎተት በግ ናት፣ ስትቆረጥ መርከብ። ሶፕ ሳሙና ነው፣ ሱፕ ሾርባ፤ ተሳስቶ የጠየቀ እንግዳ አረፋ ይጠጣል። ሂል ረዘም ሲል ተረከዝ ነው፣ አጠር ሲል ኮረብታ። እኔም «መምህር፣ የዋግ ኮረብታ አጭር ነው የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ስላቸው በሳቅ በርሜሉን አስጮኹት። ፕራይስ ዋጋ፣ ፕራይዝ ሽልማት ሲሉኝ ደግሞ «ለነጋዴ ያው ናቸው» አልኳቸው፤ እሱንም ጻፉት። ቀን ሲሄድ የሱቄ ዕቃ ሁሉ ደብተሩ ውስጥ ገባ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት ሰውዬ በየቀኑ ጥንድ ጥንድ እየተማርኩ፣ ለደንበኛ ሳሙና ስሰጥ «ሾርባ እንዳይመስልህ» እላለሁ። ደንበኛው ያየኛል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። በኔ ደስ ያላቸውን ያህል ማንም አስተማሪ በተማሪው ደስ ብሎት አያውቅም ብዬ ያኔ አምን ነበር፤ ምክንያቱም መምህር ቀና ብለው «ገብሬ፣ አንተ ብትማር ኖሮ» ይላሉ፣ ሳይጨርሱትም ይተዉታል።

አስር ዓመት ፈጀባቸው። ባለ መቶ ቅጠል ሁለት ደብተር ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ወፍራም ወረቀት፣ ከሩቅ ያስመጡት። አንድ ማተሚያ ቤት ያለ ሰው አምጣውና ልየው ብሏቸዋል። ከዚያ ያ ግርግር መጣና መንገድ ተዘጋ። የቱ ግርግር እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ በኛ በኩል መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ ለይቶ የሚቆጥር ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ደብረ ታቦር እናታቸው ታመሙና በእግር፣ ከበቅሎ ነጋዴ ጋር ሊሄዱ ተነሡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ደብተር ተሸክሞ ግን ኬላ ማለፍ አይቻልም፤ ሲፈትሹ በግና መርከብ ቢያዩ ማን ያምናቸዋል? ደብተሮቹን በጨርቅ ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ገብሬ፣ አደራህን። ሌላ ያለኝ ነገር የለም።»

«እኔ ዘንድ ምን ይነካዋል፣ መምህር? ሲመለሱ እንዳስቀመጡት ያገኙታል።»

እንዲህ አልኩ። ዘነቡ፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ ቆማ ትሰማ ነበር።

አሁን የወረቀቱን ነገር ላስረዳ፤ የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገር በፌስታል የተወለደ ይመስላቸዋል። ያኔ ስኳርም፣ ጨውም፣ በርበሬም፣ ቡናም የሚሸጠው በወረቀት ሾጣጣ ተጠቅልሎ ነው። አሮጌ ጋዜጣ፣ የታረመ የፈተና ወረቀት፣ የጽሕፈት ቤት ፋይል በኪሎ ገዝተን እናስመጣለን። ባለሱቅ ደግሞ ወፍራም ወረቀት ይወዳል። ለምን? ሚዛኑ ላይ ስኳሩ የሚወጣው ከነወረቀቱ ነው። ወረቀቱ በረታ ማለት ስኳሩ ተረፈ ማለት ነው። ይኼን የማያውቅ ባለሱቅ የለም፤ የሚናገር ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። መንገድ ሲዘጋ ስኳሩ በበቅሎ በድብቅ ይገባል፣ ወረቀት ግን ለማን ብሎ ይጫናል? ሰው ስኳር ሊገዛ ይመጣና መያዣ ስለሌለው ወደ ማዶው ሱቅ ይሄዳል። ማዶው ሰውዬ የድሮ ጋዜጣ አከማችቶ ኖሯል።

መጀመሪያ ከደብተሩ መጨረሻ ያልተጻፈባቸውን ሦስት ቅጠሎች ገነጠልኩ። ባዶ ናቸው ብዬ። ሦስቱ በአንድ የገበያ ቀን አለቁ። በሚቀጥለው ገበያ የተጻፈባቸውን ነካሁ፤ ከመሐል፣ ክሩ እንዳይላላ ጥንድ ጥንዱን እያወጣሁ። በጥንቃቄ ነበር የምሰርቀው።

«የሰው አደራ እኮ ነው» አለችኝ ዘነቡ።

«በዚህ መንገድ ማን ይመለሳል ብለሽ ነው?»

ጎበዝ ሴት ነበረች፤ ምን እንዳልኩ ከኔ ቀድሞ ገብቷታል። ሰውየውን አስልቻቸው ነበር። በቅሎውን፣ ኬላውን፣ ክረምቱን፣ ረሃቡን ደምሬ፣ መምህር አስናቀ አይመለሱም የሚል ሂሳብ ወጥቶልኝ ነበር። ወረቀቱን የበላሁት በዚያ ሂሳብ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ሚዛን ላይ ያግዛል፤ ያን ክረምት ደህና አተረፍኩ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ መጡ።

ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ሚዛን ስወለውል የካኪ ኮት ጥላ ባንኮኒው ላይ አረፈ። ኮቱ ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ሰውዬ ግማሽ ሆኗል። «ገብሬ! እንኳን በሕይወት ቆየኸኝ!» ብለው አቀፉኝ። እናታቸውን ቀብረው ነው የመጡት። ከባንኮኒው ሥር፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ሠላሳ ቅጠል ገደማ ይቀር ነበር።

«ደብተሮቼስ?»

መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ መኖሩን ያወቅኩት ሲወጣ ነው። «መምህር፣ ሱቁ ተዘረፈ። የያዝኩትን ሁሉ ወሰዱት። ደብተሩም አብሮ ሄደ።» የተዘረፈው የማዶው ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱም ከተማውን ለቆ ሄዷል። የሰው መከራ ተውሼ የራሴ አደረግኩት።

መምህር አስናቀ በርሜሉ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ፤ ብዙ። ከዚያ ቀና ብለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ሚዛንህስ ተረፈልህ?»

«ተርፏል።»

«ተመስገን። አንተ ባለትዳር ነህ፤ ከሚዛኑ የኔ ደብተር ይሂድ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቼ የቀሩትን ሠላሳ ቅጠሎች ጓዳ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። እንዳያዩብኝ ብዬ። ልሰጣቸው እችል ነበር፤ «ይኼን ብቻ አተረፍኩ» ብዬ ብሰጣቸው ውሸቴ እንኳ ባማረበት። አላሰብኩትም። ነጋዴ ነኝ የምል ሰውዬ ያን ቀን መደመርና መቀነስ ጠፋኝ። ዘነቡ ወረቀቱ ሲነድ እያየች ወጧን አማሰለች፤ እኔን አላየችኝም። የስኳር መጠቅለያ ሲቃጠል የሚሸት አንድ ጣፋጭ ሽታ አለ፤ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ሲሸተኝ ምሳ አይወርድልኝም።

ሰውየው እንደገና ሊጀምሩ ሞከሩ። ሁለት አዲስ ደብተር ገዙ፤ ከማን? ከኔ። አልቀበልም ብል «የተዘረፈ ሰው በነጻ አይሰጥም» ብለው ብሩን ሚዛኑ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ከሰዓት ከሰዓት በርሜላቸው ላይ ሆነው «ከሶፕ ቀጥሎ ምን ነበር፣ ገብሬ?» ይሉኛል። እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ማስታወሴ ያስገርማቸዋል። አንድ ቀን እርሳሱን አስቀመጡት። «እጄ እምቢ አለኝ። ያ አስር ዓመት ሁለተኛ አይገኝም» አሉ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ዝውውር ደረሳቸውና ሄዱ። መጽሐፉ አልታተመም። በኋላ የኛ ልጆች በዚያው በሺፕና በሺፕ ሲወድቁ ኖሩ፤ ከነሱ አንዱ የኔ ልጅ ነው። ሱቁን የተረከበኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ እትዬ ሙሉ መደብ ላይ ተቀምጬ አወረድኩት። ያለቀ፣ የተበላ፣ የነደደ የመሰለኝ ነገር ግድግዳ ላይ ቆሞ አየኝ።

«እትዬ ሙሉ፣ ይኼን ወረቀት ስጡኝ። በዋጋ።»

ጆሯቸው ተከፈተ። «በጌን ልትወስድብኝ?»

«ስንት ይበቃዎታል?»

«አርባ ዓመት ጠባቂ የሆነኝን? ደህና ሙክት ፍየል ይዘህ ና።»

«ለአንድ ወረቀት?»

«ወረቀት ከሆነማ ተወው። በግ ከሆነ በፍየል አይረክስም።»

ሙክቱን ነድቼ ሄድኩ። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ አርሰው፣ ጭቃውን በቢላ ፍቀው፣ ሳትቀደድ አወጡልኝ። ከዚያ ወዲያ ልክፍት ሆነብኝ። በየገጠሩ፣ ማር ልገዛ ነው እያልኩ፣ ሰው ቤት ገብቼ ግድግዳ አያለሁ። ላገኘሁት ቅጠል አንዳንድ ሩብ ኪሎ ስኳር እሰጣለሁ፤ ድሮ የሰጠኋቸውን መልሼ መግዛቴ ነው። አንዷ የሙዳይ ክዳን ውስጥ ለጥፋው ተገኘች። አንዱ የሞተ አባቱን ፎቶ ጀርባ አጠናክሮበታል። አንድ ቄስ ደግሞ የዳዊታቸውን ገበታ ሲያስደጉሱ ከቆዳው ሥር አስገብተውት ኖሯል፤ ቆዳውን አስፈትቼ፣ አስወጥቼ፣ መልሼ በአዲስ ቆዳ አስደጎስኩላቸው። የቄሱን ቅጠል ሳነብ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን እንዳለበት ቆይቼ እናገራለሁ።

አስራ ዘጠኝ ቅጠል ሲሞላ ደብረ ታቦር ሄድኩ። በላሊበላ በኩል፣ ሁለት ቀን። ልጃቸው በሩን ከፈተችልኝ። መምህር አስናቀ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል።

«ማነው?»

«ገብሬ ነኝ፣ መምህር። የሰቆጣው።»

«ገብሬ ባለሱቁ!» ፊታቸው ሁሉ በራ። «ስኳር ስንት ገባ?»

«አይጠይቁኝ።»

«ያን ያህል?» ብለው ሳቁ። ልጃቸው ውሃ ሰጠችኝና ገባች። ውሃውን ሳልጠጣ መሬት አስቀምጬ ነገርኳቸው። እንዳልዘረፉኝ። ወረቀት ጠፍቶ እንደነበር። ስኳር እንደጠቀለልኩበት። ሳቁ ከፊታቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ከነወረቀቱ ነበር የምትመዝነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ተሽጧላ መጽሐፌ። በኪሎ።»

አስራ ዘጠኝ ቅጠል ለቅሜ ይዤ መምጣቴን ነገርኳቸው።

«ስመለስስ? ያልሸጥከው ነበር?»

«ሠላሳ ቅጠል ገደማ።»

«የት ሄደ?»

«አቃጠልኩት።»

«መጀመሪያ ስትገነጥል ምን ብለህ ነው የጀመርከው?»

«ወረቀት ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ...»

«እሱን ነግረኸኛል። እኔን ምን አድርገህ ነው?»

ዓይናቸው አያይም፤ ግን ወደኔ ዞሯል። እዚህ ድረስ ሁለት ቀን የተሳፈርኩት ይኼን ላለመናገር ነበር ማለት ነው።

«አይመለሱም ብዬ። ይሞታሉ ብዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚያውቁትን ነገር እንደነገርኳቸው ያህል። «ያመጣኸውን አንብብ» አሉ።

አነበብኩ። አማርኛውን እኔ፣ እንግሊዝኛውን እኔ ስሰብር እሳቸው ሲያቀኑ። «አትቁረጠው፣ ጎትተው። በግ ነው።» «አሁን ቁረጠው።» የድሮው አስተማሪ ነበሩ፣ ሳቁ ብቻ አብሯቸው የለም። አስራ ስምንቱን ጨርሼ የቄሱ ዳዊት ውስጥ የነበረችው ቀረች። ሉዝ፣ ማጥፋት። ሉስ፣ የላላ። ከሥሩ በዚያ ወደ ግራ በተጋደመ ጽሕፈት የተጻፈው ምሳሌ እንዲህ ይላል፦ «ገብሬ የሰው ዕቃ አያጠፋም። የገብሬ ቋጠሮ አይላላም።»

አነበብኩላቸው። አልዘለልኩትም።

«እሱን አስታውሳለሁ» አሉ መምህር አስናቀ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ቅጠሎቹን ሰጠኋቸው፣ በጣታቸው ዳር ዳሩን አስተካክለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው።»

«በል፣ መኪና እንዳያመልጥህ።»

የተረከብኩት ሁለት መቶ ቅጠል ነው። የመለስኩት አስራ ዘጠኝ። መቶ ሰማንያ አንድ ይቀራል።